ከኮሌጅ ሜዳ እስከ ኤን ኤፍ ኤል፦ ለዲፌንስ ተጫዋችና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ መመሪያ

አሜሪካ ውስጥ ልጃቸው በኮሌጅ ፉትቦል የሚጫወትላቸው የሐበሻ ቤተሰቦች አሉ። ወላጆቹ ያደጉት በእግር ኳስ ነው። ልጁ ራስ ቁር አድርጎ ከሰው ጋር ሲጋጭ እያዩ ይጨነቃሉ፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን የሚነግራቸው የለም። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው፤ ለልጁም ጭምር።

መጀመሪያ እውነቱን እንነጋገር። ኤን ኤፍ ኤል፣ የአሜሪካው ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ፣ 32 ክለቦች አሉት። በየዓመቱ በድራፍት፣ ማለትም ክለቦች በተራ አዲስ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የሚመረጡት በ7 ዙር 257 ገደማ ተጫዋቾች ናቸው። የኮሌጅ ስፖርት የበላይ የሆነው ኤን ሲ ኤ ኤ ራሱ እንደሚለው፣ ለድራፍት ከደረሱት የኮሌጅ ተጫዋቾች የሚመረጡት ከመቶ ሁለት አይሞሉም። በሩ ጠባብ ነው፤ ዝግ ግን አይደለም። ኤርትራዊ የዘር ሐረግ ያለው ተከላካይ ናት በርሄ ከሳን ዲዬጎ ስቴት ወጥቶ በ2014 በ5ኛው ዙር በኒው ዮርክ ጃይንትስ ተመርጧል።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው። አጥቂ በቁጥር ይታወቃል፤ ይህን ያህል ያርድ ገፋ፣ ይህን ያህል ታችዳውን አስቆጠረ ይባላል። ተከላካይ የሚታወቀው በጨዋታው ፊልም ነው። ይህን ቀድሞ የገባው ልጅ ብዙ ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል።

1. የሚጫወትበትን ቦታ በትክክል እወቁ

በዲፌንስ፣ ማለትም በተከላካዩ ወገን፣ 11 ሰው ይሰለፋል። ከፊት ዲፌንሲቭ ታክሎች አሉ፤ መሀሉን የሚዘጉት ከባዶቹ ናቸው። ከዳር በኩል ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪውን፣ የሚያሳድደው ኤጅ ይባላል። ከኋላቸው ላይንባከሮች አሉ። ኮርነርባክ ከኳስ ተቀባዮቹ ጋር ይሮጣል። ሴፍቲ የመጨረሻው ጠባቂ ነው።

በኮሌጅ የሚጫወትበት ቦታና ኤን ኤፍ ኤል የሚፈልግበት ቦታ ላይገጥሙ ይችላሉ። በኮሌጅ ኤጅ ሆኖ የሚያስቸግር ልጅ ለዚያ ቦታ ክንዱ አጭር ነው ተብሎ ወደ ላይንባከር ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ አሰልጣኙን በግልጽ ይጠይቅ፦ «በፕሮፌሽናል ደረጃ የት የምጫወት ይመስልሃል?»

ቦታ ቀይር ሲባልም ቶሎ አይቆጣ። ሪቻርድ ሸርማን ስታንፎርድ የገባው ኳስ ተቀባይ ሆኖ ነው። ወደ ኮርነርባክ ዞረ፤ በ2011 በ5ኛው ዙር በሲያትል ተመረጠ፤ ከዘመኑ ምርጥ ኮርነርባኮች አንዱም ሆነ። ጄ ጄ ዋትም በሴንትራል ሚሺጋን ታይት ኤንድ የሚባል የአጥቂ ወገን ተጫዋች ነበር። ስኮላርሺፑን ትቶ ዊስኮንሰን ገባ፣ ዲፌንስ ላይ ተሰለፈ፣ በ2011 በ11ኛ ደረጃ ተመረጠ። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ የሚባለውን ሽልማት ሦስት ጊዜ ወስዷል።

2. ደንቡንና ወረቀቱን አስተካክሉ

ይህ አሰልቺ ክፍል ነው፤ ግን ብዙ ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ማንም ተጫዋች ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለድራፍት መቅረብ አይችልም። የኦሃዮ ስቴቱ ሞሪስ ክላሬት ይህን ደንብ በፍርድ ቤት ሊያስለውጥ ሞክሮ በ2004 ይግባኙ ላይ ተሸንፏል። ደንቡ እስካሁን አለ።

በኮሌጅ በኩል ለብዙ ዓመታት የተሠራበት ደንብ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መጫወት ነው። በዚህ ላይ ብዙ የፍርድ ቤት ክርክር ስላለ ከጓደኛ በተሰማ ወሬ አትመሩ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ኮምፕላያንስ የሚባል ቢሮ አለው። ልጁ እዚያ ሄዶ ስንት የመጫወቻ ዓመት እንደቀረው በጽሑፍ ይጠይቅ።

ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ይህ ኤን አይ ኤል ይባላል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ ገንዘብ ታክስ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ሲከፈል ታክሱ አይቆረጥም። ገንዘቡ እንደገባ የተወሰነውን ለብቻ አስቀምጡ። ሁለተኛ፣ ልጁ በተማሪ ቪዛ፣ ማለትም በኤፍ ዋን ያለ ከሆነ ምንም ነገር ሳይፈርም የኢሚግሬሽን ጠበቃና የትምህርት ቤቱን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ያማክር። ይህ ቪዛ በሥራ ላይ ጥብቅ ገደብ አለው። ለጥቂት ሺህ ዶላር ብሎ ቪዛውን አደጋ ላይ መጣል አይገባም።

3. ፊልሙን ሥሩ

ዋናው ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉት ይህን አንብቡ።

የክለብ ስካውት፣ ማለትም ተጫዋች መልማይ፣ ልጁን ለማየት ስታዲየም ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን የጨዋታዎቹን ፊልም አይቷል፤ በኋላም ደጋግሞ ያያል። የሚመርጠውም ደካማ ቡድን የተገጠመበትን ጨዋታ አይደለም። ወደፊት ኤን ኤፍ ኤል የሚገቡ አጥቂዎች የተሰለፉበትን ከባድ ጨዋታ ነው የሚከፍተው።

የስታቲስቲክስ ሰንጠረዥ ተከላካይን ያታልላል። ጎበዝ ኮርነርባክ ያለበት ወገን ኳስ አይወረወርበትም። ስለዚህ ኢንተርሴፕሽን፣ ማለትም የጠለፈው ኳስ፣ አይኖረውም፤ ሰንጠረዡ ባዶ ይሆናል። መሀል ላይ የሚሰለፍ ታክል ሁለት ሰው በአንዴ ገጥሞ ሲይዝ፣ ላይንባከሩ ነጻ ሆኖ ሯጩን ይጥላል። ቁጥሩ የሚመዘገበው ለላይንባከሩ ነው። ፊልሙ ግን ሥራውን ማን እንደሠራ ያሳያል። ልጁ «ዛሬ አንድም ታክል አላገኘሁም»፣ ማለትም ማንንም አልጣልኩም፣ ብሎ አዝኖ ሲመጣ፣ እናንተም በቁጥሩ አትፍረዱ። ፊልሙን አብራችሁ እዩ።

እንዴት ይታይ? ከጨዋታው ማግስት መጀመሪያ ሳያቆም አንዴ ይየው። ከዚያ እያንዳንዱን ስናፕ፣ ማለትም ኳሱ በተነሳ ቁጥር ያለውን እንቅስቃሴ፣ ለየብቻ እየመለሰ ራሱን ይጠይቅ።

ኳሱ ከመነሳቱ በፊት ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሜ ነበር ወይ? ዓይኔ የት ነበር? ላይንባከር የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጋርድ (የአጥቂውን ወገን የፊት መስመር ሰው) እና ሯጩን ነው። ኮርነርባክ የሚያየው የተቀባዩን ዳሌ ነው፤ ጭንቅላትና እጅ ያታልላሉ፣ ዳሌ ግን ሰውዬው የሚሄድበትን ይናገራል። የመጀመሪያ እርምጃዬ ወደፊት ነበር ወይስ ወደ ጎን? እጄ ከተቃራኒው እጅ ቀድሞ ደረቱ ላይ አርፏል ወይ? ኳሱ ወደ ሌላው ወገን ሲሄድስ ሮጥኩ ወይስ ቆሜ አየሁ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አቅልላችሁ አትዩት። ጨዋታው ከእሱ ርቆ ሲሄድ የሚራመድ ተከላካይ ሁሉም ስካውት ማስታወሻ ላይ ይገባል። ፍጥነት በከፊል ተፈጥሮ ነው፤ መሮጥ ግን ውሳኔ ነው። እኔ ከሁሉ የማዝነው ጥሩ ችሎታ ኖሮት በዚህ የሚወድቅ ልጅ ሳይ ነው።

ያመለጡትን ታክሎች ለብቻቸው ይጻፋቸው። ያመለጠው በአቅጣጫ ስህተት ነው? እግሩን ሳያስጠጋ በእጁ ብቻ ስለያዘ ነው? ወይስ አንገቱን ደፍቶ ስለገባ? የመጨረሻው በጣም አደገኛ ነው። አንገት ደፍቶ መግባት ቅጣት ያስከትላል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የአንገት አጥንት ይሰብራል። ይህን ልማድ ያየ ወላጅ አሰልጣኙን ማነጋገር መብቱ ነው።

ሌላም አለ። በኤን ኤፍ ኤል ከ2008 ጀምሮ አንድ ተከላካይ ራስ ቁሩ ውስጥ ሬዲዮ አለው፤ ከአሰልጣኙ ትእዛዝ ሰምቶ ለሌሎቹ ያስተላልፋል። ራስ ቁሩ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይለጠፍበታል። በከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃም ይኸው ከ2024 ጀምሮ ተፈቅዷል። ልጁ ላይንባከር ወይም ሴፍቲ ከሆነ ያን ነጥብ ለማድረግ ይጣር። «መላውን ዲፌንስ የሚመራ» የሚለው ቃል በስካውት ማስታወሻ ላይ ብዙ ይመዝናል።

ስካውቶቹ ፊልም ብቻም አያዩም። የጉዳት ሐኪሙን፣ የትምህርት አማካሪውን፣ ማልያና ጫማ የሚያድለውን ሰው ሳይቀር ይጠይቃሉ። ለአሰልጣኙ ትሁት ሆኖ ዕቃ አዳዩን የሚያመናጭቅ ልጅ ይታወቃል።

4. ሰውነቱን ጠብቁ

ጭንቅላቱ ከተመታ ይናገር። «ደህና ነኝ» ብሎ መመለስ ጀግንነት አይደለም። የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስ ላይንባከር ክሪስ ቦርላንድ ገና የመጀመሪያ ዓመቱን በጥሩ ሁኔታ ጨርሶ ሳለ በ2015 ጨዋታውን ያቆመው የጭንቅላት ጉዳትን ፈርቶ ነው። ያንን ውሳኔ አከብራለሁ። እናንተም ይህን ጉዳይ ቤት ውስጥ ሳትፈሩ አውሩት።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል፤ እኛን በቀጥታ ይነካልና። ዐቢይ ጾም የሚውለው ልክ ልጁ በስካውቶች ፊት በሚፈተንበት ወራት ነው። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት እዚያው አካባቢ ይውላል። መጾም አይችልም ማለት አይደለም። ሁሴን አብዱላህ ድራፍት ላይ ሳይመረጥ ገብቶ በሚኒሶታና በካንሳስ ሲቲ ሴፍቲ ሆኖ ሲጫወት ረመዳንን ይጾም ነበር። የሥነ ምግብ ባለሙያ ይረዳው ነበር። በ2012 ሐጅ ለማድረግ ብሎ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ትቷል። የእኛም ልጅ የሚጾም ከሆነ ከወራት በፊት ለትምህርት ቤቱ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይንገር። ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራና ኦቾሎኒ ይዞ በቂ ፕሮቲን ማግኘት ይቻላል፤ ግን መጠኑ በባለሙያ መሠራት አለበት። ክብደቱ ሳይታሰብ በወረደ ጊዜ መደንገጥ ዋጋ የለውም።

5. ከኮሌጅ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ይህ ጥያቄ ይመጣል። ከባዱም ውሳኔ ይህ ነው።

በመጀመሪያ የሊጉን ግምገማ ይጠይቅ። ኤን ኤፍ ኤል ለኮሌጅ ተጫዋቾች አስተያየት የሚሰጥ ኮሚቴ አለው። በአሰልጣኙ በኩል ይጠየቃል። መልሱ አጭር ነው፦ አንደኛ ዙር፣ ሁለተኛ ዙር፣ ወይም ትምህርት ቤት ቆይ። ሦስተኛው መልስ ከመጣ እመኑት። «አንደኛ ዙር ትገባለህ» የሚል ኤጀንት (ወኪል) ግን ብዙ ነው፤ ማለት ገንዘብ አያስወጣውም። ለመውጣት የሚወሰንበት ቀነ ገደብ ጃንዋሪ አጋማሽ ነው።

መቆየት ሊጠቅም ይችላል። የሚሺጋኑ ኤይደን ሀቺንሰን በ2020 እግሩ ተሰብሮ ዘመኑ ተቋረጠበት። መውጣት ይችል ነበር፤ ተመለሰ። በ2021 ኳርተርባክን 14 ጊዜ ጣለ፤ የትምህርት ቤቱ ክብረ ወሰን ሆነ። በ2022 ዲትሮይት በ2ኛ ደረጃ መረጠው።

መጫወት አደጋም አለው። የኖተርዳም ላይንባከር ጄይለን ስሚዝ ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ እንደሚሆን ይነገርለት ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2016 በፊየስታ ቦል፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ ከሚደረጉት «ቦል» ጨዋታዎች በአንዱ፣ ጉልበቱ ክፉኛ ተጎዳ፤ ነርቩም ተነካ። ወደ 34ኛ ወረደ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስፋ የሚጣልባቸው ተጫዋቾች የመጨረሻውን ቦል ጨዋታ መተው ጀምረዋል። የሚቆይ ተጫዋች ስለ ጉዳት ኢንሹራንስ ትምህርት ቤቱን ይጠይቅ።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ግምገማው ከሁለተኛ ዙር በታች ከሆነና ዲግሪው አንድ ዓመት ከቀረው፣ ይቆይ። ዲግሪውን ይዞ፣ አንድ ዓመት የጠራ ፊልም ጨምሮ ይወጣል። ቤተሰቡ ተቸግሮ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል፤ ያንን ከእናንተ በቀር ማንም አያውቅም። ዛሬ ደግሞ በኮሌጅም ስለሚከፈል፣ መቆየት እንደ ድሮው ባዶ ኪስ ማለት አይደለም።

6. ኤጀንት መምረጥ

ኤጀንቱ በተጫዋቾቹ ማኅበር፣ በኤን ኤፍ ኤል ፒ ኤ የተመሰከረለት መሆን አለበት። ስሙን ማኅበሩ ዘንድ ፈልጉ። ከኮንትራቱ የሚወስደው ቢበዛ 3 በመቶ ነው። ልጁ ሳይከፈለው እሱም አይከፈለውም። አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካለ በሩን አሳዩት።

ከ2011 ወዲህ የአዲስ ተመራጭ ደመወዝ በተመረጠበት ቁጥር አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ኤጀንቱ በድርድር የሚያመጣው ነገር ትንሽ ነው። ልትጠይቁት የሚገባው ሌላ ነው። ከጃንዋሪ እስከ ማርች የልምምዱን፣ የቤቱንና የምግቡን ወጪ ማን ይችላል? ልጁ ባይመረጥ የተበደረው ይመለሳል ወይ? ባለፉት ዓመታት ያልተመረጡ ተከላካዮችን የት አስገባ? የገንዘብ አማካሪው ደግሞ ሌላ ሰው ይሁን። ሁለቱን ሥራ ለአንድ ሰው አትስጡ፤ ዘመድም ቢሆን።

7. ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል

የመጨረሻ ዓመት ተጫዋቾች በሞቢል፣ አላባማ በሚደረገው ሲኒየር ቦል በሚባል የምርጥ ተጫዋቾች ጨዋታ ሊጋበዙ ይችላሉ። ከጨዋታው ይልቅ የሳምንቱ ልምምድ ነው የሚታየው። ከትንሽ ትምህርት ቤት የመጣ ኮርነርባክ ከትልልቆቹ ተቀባዮች ጋር አንድ ለአንድ የሚገናኘው እዚያ ነው። ከተጋበዘ ይሂድ።

ቀጥሎ ኮምባይን የሚባለው የክለቦች የጋራ ፈተና አለ። ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይካሄዳል። 40 ያርድ ይሮጣሉ፤ 36 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። 225 ፓውንድ፣ ማለትም 102 ኪሎ፣ ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚችሉ ይቆጠራል። ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘላሉ። በምልክቶች ዙሪያ እየታጠፉ ይሮጣሉ። ኤጅ ተጫዋች ከ40 ያርዱ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ 10 ያርዶችና መታጠፉ ይበልጥ ይታይበታል፤ ሥራው ያው ነውና። ለኮርነርባክ ግን ሙሉው 40 ያርድ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ክለቦቹ በጣም የሚፈልጉት የሕክምና ምርመራውንና ቃለ መጠይቁን ነው። በቃለ መጠይቁ ፊልም ይከፍቱና «እዚህ ምን ሆነ?» ይሉታል። በ3ኛው ክፍል ያልኩትን ልማድ የያዘ ልጅ እዚህ አይጨነቅም። ስህተቱን ደብቆ ጓደኛው ላይ አያላክክ።

ወደ ኮምባይን ያልተጋበዘ ልጅ በማርች ትምህርት ቤቱ ስካውቶችን በሚጋብዝበት ቀን፣ በፕሮ ዴይ፣ ይፈተናል። በአካባቢው ያለ ፕሮ ዴይ ላይ ለመግባት አስቀድሞ መጠየቅም ይቻላል።

ቁጥሩ ፊልሙን አያሸንፍም። አሮን ዶናልድ በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለዲፌንሲቭ ታክል አጭር ነው ይባል ነበር። በ2014 በ13ኛ ደረጃ ተመረጠ። የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሦስት ጊዜ ሆኗል። ፊልሙ ላይ ማንም ሊያቆመው አይችልም ነበር።

8. ድራፍትና ከድራፍት በኋላ

ድራፍቱ በኤፕሪል መጨረሻ ለሦስት ቀን ይካሄዳል። የተመረጠ ልጅ አራት ዓመት ይፈርማል። በአንደኛ ዙር የተመረጠን ክለቡ ለአምስተኛ ዓመት ማቆየት ይችላል። ያልተመረጠ ሦስት ዓመት ይፈርማል።

ሰባተኛው ዙር እንዳለቀ ስልክ ይጮኻል። ያልተመረጡ ልጆችን ክለቦች ይሻማሉ፤ ውሳኔው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ተዘጋጁ። በልጁ ቦታ የትኛው ክለብ ስንት ሰው እንዳለው ከኤጀንቱ ጋር ጽፋችሁ ያዙ። ጥቂት ሺህ ዶላር ከሚጨምር ይልቅ ቦታው የሳሳበት ክለብ ይሻላል።

ኮንትራት ካልመጣ በሜይ ሩኪ ሚኒካምፕ በሚባለው የአዲስ ተጫዋቾች አጭር ልምምድ ላይ ለሙከራ መግባት አለ። ማልኮም በትለር ከዌስት አላባማ፣ በዲቪዥን 2 (ከዋናው በታች ባለው የኮሌጅ ውድድር እርከን) ከሚጫወት ትምህርት ቤት መጥቶ በ2014 ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የገባው በዚህ በር ነው። በዚያው ዘመን መጨረሻ፣ በፌብሩዋሪ 2015 በሊጉ ፍጻሜ በሱፐር ቦል ላይ፣ በጎሉ መስመር ኳሱን ጠልፎ ጨዋታውን ዘጋው። ኳሱ ወዴት እንደሚመጣ ቀድሞ አውቆ ነበር፤ ያንን ጨዋታ በልምምድ ላይ አይቶታል።

9. ካምፕ፣ 53 እና ከዚያ ወዲያ

ከውድድሩ በፊት ለልምምድ ካምፕ የሚገባው 90 ሰው ነው። በኦገስት መጨረሻ 53 ይቀራሉ። የመጀመሪያ ተሰላፊ ካልሆነ፣ ልጁን ቡድኑ ውስጥ የሚያቆየው ስፔሻል ቲም፣ ማለትም ኳስ በእግር በሚመታበት ጊዜ የሚሰለፈው ቡድን፣ ነው። ኳስ ሲመታ ሮጦ ኳሱን ይዞ የሚመለሰውን የሚጥል ተከላካይ ይፈለጋል። በተለይ በ2024 የመክፈቻ ምቱ ደንብ ከተለወጠ ወዲህ ኳስ የሚመለስበት ጊዜ በዝቷል። በመጀመሪያው ቀን የስፔሻል ቲሙን አሰልጣኝ ፈልጎ «የትኛውም ላይ አስገባኝ» ይበል።

ከ53ቱ ውጭ ከሆነ ሌሎች ክለቦች በ24 ሰዓት ውስጥ ሊወስዱት ይችላሉ። ካልወሰዱት ወደ ፕራክቲስ ስኳድ፣ ማለትም ከቡድኑ ጋር ወደሚለማመዱት ተጠባባቂዎች፣ ሊገባ ይችላል። በ2025 የዚህ ክፍያ ለአዲስ ልጅ በሳምንት 13,000 ዶላር ነበር። የሮስተሩ፣ ማለትም የ53ቱ፣ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ደግሞ ለአዲስ ተጫዋች 840,000 ዶላር ነበር። ይህ ከታክስ በፊት ነው። የሚከፈለውም በውድድሩ ሳምንታት፣ በሮስተር ላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቼክ ቤት አይገዛ፤ ለዘመድ አዝማድም ቃል አይግባ።

መባረር የተለመደ ነው። ጄምስ ሀሪሰን ከኬንት ስቴት ሳይመረጥ ወጥቶ ደጋግሞ ተባርሯል፤ በ2008 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ካሜሮን ዌክ ከፔን ስቴት ወጥቶ ሳይሳካለት ቀረ፤ ካናዳ ሄዶ በቢ ሲ ላየንስ ሁለት ዓመት ተጫወተ። በ2009 ማያሚ ወሰደው፤ ኳርተርባክን ከ100 ጊዜ በላይ ጥሎ ጨረሰ። በፀደይ የሚካሄደው ዩ ኤፍ ኤል የተባለው ሊግም ሌላ አማራጭ ነው። ልጁ ከተባረረ ክብደቱን ይጠብቅ፣ ልምምዱን አያቋርጥ። በውድድሩ ወቅት ክለቦች ማክሰኞ ማክሰኞ አዲስ ሰው ጠርተው ይሞክራሉ። የሚደውሉት ሰው ሲጎዳባቸው ስለሆነ ቀጠሮ አይሰጡም፤ በማግስቱ መጥቶ ሙሉ ፍጥነቱን ማሳየት የሚችለውን ነው የሚፈርሙት።